በ99 ሣንቲም የተገዛ ዘፈን የማን ነው?

የካሴት ዘመን ለብዙ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ትዝታው ቅርብ ነው። በዋሽንግተንም ሆነ በሎስ አንጀለስ፣ በለንደንም ሆነ በሮም፣ በርበሬና ሽሮ ከሚሸጥበት ሱቅ ጥግ ላይ ካሴቶች ተደርድረው ይታዩ ነበር። ገዢው ሒሳቡን ከፍሎ ከወጣ በኋላ ጠያቂ የለበትም። ካሴቱን በመኪናው ያዳምጠዋል፤ ለጓደኛው ያውሰዋል፤ ሠርግ ሲጠራ ይዞት ይሄዳል፤ አገር ቤት የሚገባ ሰው ካገኘም ለእናቱ ይልከዋል። ዕቃው የእሱ ነውና።

ዘፈን ከካሴትና ከሲዲ ወጥቶ በኢንተርኔት መሸጥ ሲጀምር ግን ይህ ቀላል ነገር ተወሳሰበ። ገዢው በካርዱ ከፍሎ ዘፈኑን ወደ ኮምፒዩተሩ ያወርዳል። ነገር ግን የገዛው ዘፈኑን ሳይሆን፣ ዘፈኑን በተወሰነ መሣሪያ የማዳመጥ ፈቃድ ነበር። ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው? የሚነፍገውስ ማን ነው? ከ99 ሣንቲሙስ ለግጥምና ለዜማ ደራሲው ስንት ይደርሰዋል? በእነዚህ ጥያቄዎች ዙሪያ ታላላቅ ኩባንያዎች፣ መንግሥታትና ፍርድ ቤቶች ከ10 ዓመት በላይ ተሟግተዋል። የክርክሩ ውጤት ዛሬ በስልኩ ሙዚቃ የሚያዳምጠውን ሰው ሁሉ፣ ዘፈን ደርሶ ክፍያውን የሚጠብቀውንም ባለሙያ ይነካል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በነፃ የተጀመረው ገበያ

ነገሩ የተጀመረው በንግድ አልነበረም። ሾን ፋኒንግ የተባለ የኮሌጅ ተማሪና ጓደኛው ሾን ፓርከር በ1999 ናፕስተር የተባለውን ፕሮግራም ለሕዝብ አወጡ። በናፕስተር አማካይነት አንድ ሰው በኮምፒዩተሩ ያለውን ዘፈን ሌላው ሰው ያለ ክፍያ ይገለብጣል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ተጠቀሙበት። የሙዚቃ ኩባንያዎቹ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ከሰሱ፤ ናፕስተርም በሐምሌ 2001 አገልግሎቱን አቆመ፤ በቀጣዩ ዓመት ለኪሳራ ተዳረገ።

ኩባንያዎቹ ናፕስተርን ዘጉ እንጂ የሕዝቡን ፍላጎት አልዘጉም። በ2001 መጨረሻ በራሳቸው በኩል ሁለት ሱቅ ከፈቱ። ሶኒና ዩኒቨርሳል «ፕሬስፕሌይ» የተባለውን፣ ዋርነር፣ ቢኤምጂና ኢኤምአይ ከሪልኔትወርክስ ጋር ሆነው «ሚውዚክኔት» የተባለውን አቋቋሙ። ደንበኛው በየወሩ ይከፍላል፤ ክፍያውን ካቆመ ያወረደው ዘፈን ይዘጋበታል። በዚያ ላይ አንዱ ሱቅ የሌላውን ወገን ዘፈኖች በጅምሩ አልያዘም ነበር። የአንዱን ኩባንያ ድምፃዊና የሌላውን ኩባንያ ድምፃዊ የሚወድ ሰው ሁለት ቦታ ሊከፍል ነው። ሕዝቡም ፊቱን አዞረ።

የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር የፀረ ሞኖፖሊ ክፍል ነገሩን መረመረ። ጥያቄው ግልጽ ነበር። የሙዚቃው ባለቤቶች ሱቁንም ከያዙት፣ ለሌላ ነጋዴ ፈቃድ የሚሰጡት ለምን ብለው ነው? ዳኛውም ተከራካሪውም አንድ ሰው እንደ መሆን ነው። ይሁንና መሥሪያ ቤቱ በታኅሣሥ 2003 ውድድሩን የሚጎዳ ማስረጃ አላገኘሁም ብሎ መዝገቡን ዘጋ። በዚያን ጊዜ ገበያውን ሌላ ነጋዴ ወስዶት ነበር።

አፕል መጣ

አፕል ኩባንያ አይፖድ የተባለችውን ትንሽ የሙዚቃ ማጫወቻ በጥቅምት 2001 አውጥቷል። በሚያዝያ 28 ቀን 2003 ደግሞ የአይቲውንስን የሙዚቃ ሱቅ ከፈተ። አምስቱም ታላላቅ ኩባንያዎች ፈቃድ ሰጥተውት ስለነበር 200,000 ዘፈኖች ይዞ ተነሣ። ዋጋው አንድ ነበር፤ እያንዳንዱ ዘፈን 99 ሣንቲም። ወርኃዊ ክፍያ የለም፤ ሙሉ አልበም የመግዛት ግዴታም የለም። በመጀመሪያው ሳምንት 1 ሚሊዮን ዘፈን ተሸጠ።

ኩባንያዎቹ ፈቃዱን የሰጡት ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነበር። ዘፈኑ እንደ ናፕስተር ዘመን እንዳይባዛ ቁልፍ ይደረግበት አሉ። አፕልም ቁልፉን ሠራ፤ ስሙን ፌርፕሌይ አለው። ቁልፉ የተደረገበት ዘፈን በተወሰኑ ኮምፒዩተሮችና በአይፖድ ብቻ ይሠራል። የሌላ ፋብሪካ ማጫወቻ አይቀበለውም።

የታሪኩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሙዚቃ ኩባንያዎቹ ቁልፉን የጠየቁት ሌባ ለመከላከል ነበር። ነገር ግን ቁልፉን የያዘው አፕል ሆነ። ከአይቲውንስ 100 ዘፈን የገዛ ሰው ወደ 100 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ አውጥቷል፤ አይፖዱ ሲበላሽ የሌላ ድርጅት ማጫወቻ ቢገዛ ዘፈኖቹ አብረውት አይሄዱም። ስለዚህ ተመልሶ አይፖድ ይገዛል። አይፖድ ያለው ሰው ደግሞ ቁልፍ የተደረገበትን ሙዚቃ ከሌላ ሱቅ ሊገዛ አይችልም፤ የማይክሮሶፍት ቁልፍ በአይፖድ ላይ አይሠራምና። በርን ለሌባ ብሎ የዘጋ፣ ራሱም ተዘግቶበት ቀረ።

ሪልኔትወርክስ በሐምሌ 2004 ከእሱ ሱቅ የተገዛ ዘፈን በአይፖድ እንዲሠራ የሚያደርግ «ሃርመኒ» የተባለ ዘዴ አወጣ። ዋጋውንም ለጊዜው ወደ 49 ሣንቲም አወረደ። አፕል ተቆጣ፤ የአይፖዱን ሶፍትዌር አሻሽሎም ዘዴው እንዳይሠራ አደረገ። ለገዢው በግማሽ ዋጋ የቀረበው ዘፈን በዚህ ተቋረጠ።

አውሮፓ የራሷን ጥያቄ አነሣች

አይቲውንስ በሰኔ 2004 ወደ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጀርመን ገባ። በአውሮፓ የተነሣው ጥያቄ ከአሜሪካው ይለያል። የእንግሊዝ ገዢ ለአንድ ዘፈን 79 ፔንስ ሲከፍል፣ የዩሮ አገሮች ገዢ 99 የዩሮ ሣንቲም ይከፍል ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ እንግሊዙ የበለጠ ይከፍላል ማለት ነው። ታዲያ ለምን ከፈረንሳዩ ሱቅ አይገዛም? አይፈቀድለትም። ሱቁ የካርዱን አድራሻ አይቶ ወደ አገሩ ሱቅ ይመልሰዋል። ከሮም ወደ ለንደን የተዛወረ ስደተኛ ካርዱን ሲለውጥ ሱቁም ይለወጥበታል።

«ዊች» የተባለው የእንግሊዝ የሸማቾች ማኅበር አቤቱታ አቀረበ። የአውሮፓ ኮሚሽን በሚያዝያ 2007 ለአፕልና ለታላላቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች የክስ ማስታወቂያ ላከ። አፕል የሰጠው መልስ ፈቃዱ በየአገሩ ተቆራርጦ የሚሰጠው በሙዚቃ ኩባንያዎቹ ነው የሚል ነበር። በመጨረሻም በጥር 2008 የእንግሊዝን ዋጋ በ6 ወር ውስጥ ከሌላው አውሮፓ ጋር አስተካክላለሁ ብሎ ቃል ገባ፤ ጉዳዩም ተዘጋ። ዋጋው ተስተካከለ፤ የአገር ድንበሩ ግን እንዳለ ቀረ።

የኖርዌይ የሸማቾች ጉዳይ ኃላፊ ደግሞ ከ2006 ጀምሮ ቁልፉን ራሱን ተቃወመ። አንድ ሰው ዘፈን ሲገዛ በአንድ ፋብሪካ መሣሪያ ብቻ ታስሮ መቅረቱ አግባብ አይደለም የሚል ነበር ክርክሩ። በፈረንሳይም ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት ስለ ቁልፉ ሕግ አወጣ።

ቁልፉ ተከፈተ

በየካቲት 6 ቀን 2007 የአፕል ዋና ሥራ አስኪያጅ ስቲቭ ጆብስ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ቁልፉን የፈለጉት አራቱ የሙዚቃ ኩባንያዎች ናቸው፤ ከተስማሙ ዛሬውኑ ቁልፍ የሌለው ሙዚቃ እሸጣለሁ አለ። ማስረጃም አቀረበ። በ2006 በኢንተርኔት ሱቆች የተሸጡት የተቆለፉ ዘፈኖች 2 ቢሊዮን የማይሞሉ ሲሆኑ፣ በዚያው ዓመት ኩባንያዎቹ ራሳቸው በሲዲ ቁልፍ የሌላቸው ከ20 ቢሊዮን በላይ ዘፈኖች ሸጠዋል። በፊት በር ጠባቂ አቁሞ የጓሮውን በር ወለል አድርጎ መክፈት ምን ይጠቅማል ማለቱ ነው።

ኢኤምአይ በሚያዝያ 2007 ተስማማ፤ ቁልፍ የሌለው ዘፈን በ1 ዶላር ከ29 ሣንቲም መሸጥ ጀመረ። ሌሎቹ ኩባንያዎች ግን ብልሃት ፈለጉ። አፕል ዋጋውን በ99 ሣንቲም ቸንክሮ መያዙ አስቆጥቷቸው ነበር። ስለዚህ ቁልፍ የሌለውን ሙዚቃ ከአፕል በፊት ለተወዳዳሪው ሰጡ። አማዞን በመስከረም 2007 የከፈተው ሱቅ ከ2 ሚሊዮን በላይ ዘፈኖችን በኤምፒ3 ያለ ምንም ቁልፍ አቀረበ፤ ብዙዎቹን በ89 ሣንቲም። በጥር 2008 አራቱም ኩባንያዎች ለአማዞን ፈቃድ ሰጥተው ነበር። ከአማዞን የተገዛ ዘፈን በአይፖድም ሆነ በማንኛውም ማጫወቻ ይሠራል።

ይሁን እንጂ ገዢው የለመደውን ሱቅ አልተወም፤ በ2008 አይቲውንስ ዋልማርትን አልፎ በአሜሪካ የሙዚቃ ችርቻሮ የመጀመሪያውን ቦታ ያዘ። በጥር 2009 ሁለቱ ወገኖች ተገናኙ። ኩባንያዎቹ ቁልፉን ለአፕልም ተዉ፤ አፕል ደግሞ የአንድ ዋጋውን ሕግ ተወ። ዘፈኖች በ69፣ በ99 ሣንቲምና በ1 ዶላር ከ29 መሸጥ ጀመሩ። ተፈላጊዎቹ አዳዲስ ዘፈኖች በአብዛኛው በውዱ ዋጋ ሆኑ። ገዢው ነፃነቱን አገኘ፤ ለነፃነቱም 30 ሣንቲም ጨመረ።

የአሜሪካው ክስ መጨረሻ ግን ሌላ ሆነ። በ2005 የአይፖድ ገዢዎች የጀመሩት የፀረ ሞኖፖሊ ክስ ለችሎት የቀረበው በታኅሣሥ 2014 በኦክላንድ ከተማ ነው። ከሳሾቹ 350 ሚሊዮን ዶላር ያህል ካሣ ጠየቁ፤ በሕጉ መሠረት ይህ በሦስት ሊባዛ ይችል ነበር። በ2011 ያረፈው ስቲቭ ጆብስ ከመሞቱ በፊት በቪዲዮ የሰጠው ቃል ተሰማ። 8ቱ የጁሪ አባላት በጥቂት ሰዓት ውስጥ በአንድ ድምፅ ለአፕል ፈረዱ፤ የተከሰሰው የሶፍትዌር ለውጥ እውነተኛ ማሻሻያ ነው አሉ።

ሱቁ ሲዘጋ

የቁልፉን ጉዳት ከሁሉ በላይ ያስተማሩት የተዘጉት ሱቆች ናቸው። ማይክሮሶፍት ኤምኤስኤን ሚውዚክ የተባለ ሱቅ ነበረው። በሚያዝያ 2008 ለደንበኞቹ መልእክት ላከ። ከነሐሴ 31 በኋላ ዘፈኖቹን ለአዲስ ኮምፒዩተር የሚፈቅደውን አገልግሎት አቆማለሁ አለ። በሌላ አነጋገር ደንበኛው ኮምፒዩተሩን የለወጠ ቀን ከፍሎ የገዛው ሙዚቃ ይጠፋል። ጩኸት ሲበዛ ቀኑን ለሦስት ዓመት ያህል አራዘመው። በዚያው በ2008 ያሁ ሱቁን ሲዘጋ ለደንበኞቹ ካሣ ለመስጠት ተገደደ።

የበርበሬው ሱቅ ቢዘጋ ማንም ወደ ደንበኛው ቤት መጥቶ ካሴቱን አይወስድበትም። የኢንተርኔቱ ሱቅ ግን ይህን ሊያደርግ ቻለ። የዕቃና የፈቃድ ልዩነት ይህ ነው።

የደራሲው ሣንቲም

በአንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት ንብረት አለ። አንደኛው ግጥሙና ዜማው ነው፤ የደራሲው ወይም የአሳታሚው ነው። ሁለተኛው የተቀረጸው ድምፅ ነው፤ በአብዛኛው የሙዚቃ ኩባንያው ነው። ከ99 ሣንቲሙ ከ65 እስከ 70 ያህሉ ለሙዚቃ ኩባንያው ይሄድ ነበር። ከዚያ ላይ ኩባንያው ለድምፃዊው በውላቸው መሠረት ይከፍላል፤ ለግጥምና ለዜማ ደራሲው ደግሞ በሕግ የተወሰነውን። ይህም ከ2006 ጀምሮ በአንድ ዘፈን 9.1 ሣንቲም ነበር፤ በ2023 ወደ 12 ሣንቲም ከፍ ብሏል።

ይህ በሕግ የተወሰነ ዋጋ የመጣው ከራሱ ከውድድር ጥያቄ ነው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በራሱ የሚጫወት ፒያኖ ነበር፤ ዜማው በተበሳ የወረቀት ጥቅልል ይገባለታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1908 ጥቅልሉ ቅጂ አይደለም፣ ለደራሲው ክፍያ አይገባም ብሎ ፈረደ። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1909 ለደራሲዎች መብቱን ሰጠ። ነገር ግን ኤዮልያን የተባለ የፒያኖ ኩባንያ ከአሳታሚዎች ጋር አስቀድሞ ብቸኛ ውል መዋዋሉ ስለታወቀ፣ ሙዚቃው ሁሉ በአንድ ነጋዴ እጅ እንዳይገባ ተፈራ። ስለዚህ አስገዳጅ ፈቃድ ተደነገገ። አንድ ዜማ በፈቃድ አንድ ጊዜ ከተቀረጸ በኋላ ማንም በአንድ ቅጂ 2 ሣንቲም እየከፈለ ሊቀርጸው ይችላል። ያ 2 ሣንቲም እስከ 1978 ድረስ አልተነቃነቀም። ሕጉ ሞኖፖሊን ከለከለ፤ ደራሲውን ግን ለ69 ዓመት በ2 ሣንቲም አስቀመጠው።

አስገዳጁ ፈቃድ የሚመለከተው ግጥምና ዜማውን ብቻ ነው። የተቀረጸውን ድምፅ ለመሸጥ የሚፈልግ ነጋዴ ከእያንዳንዱ የሙዚቃ ኩባንያ ጋር መደራደር አለበት። አዲስ ሱቅ መክፈት የሚከብደውና ታላላቆቹ ብቻ የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ለኢትዮጵያውያን አዲስ ያልሆነ ነገር

ፈቃድና ሞኖፖሊ በኢትዮጵያ ሙዚቃም ታሪክ አላቸው። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት ብቸኛ መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር። ወጣቱ አምሃ እሸቴ በ1969 ይህን ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። ያኔ የታተሙት ሸክላዎች ዛሬ በመላው ዓለም የሚታወቁት የኢትዮጵያ ሙዚቃዎች ናቸው። አምሃ በኋላ ተሰዶ በአሜሪካ ኖረ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» የተባሉትን ሲዲዎች ማውጣት ሲጀምር ከአምሃ ሸክላዎች ብዙዎቹን አስገባ። አንድ ሰው ከፈቃድ ሕግ ጋር ባይጋፈጥ ኖሮ የዚያ ዘመን ድምፅ ብዙው ሳይቀረጽ በቀረ ነበር።

በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በ2004 ወጥቶ በ2014 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። በ2019 ደግሞ ሟቹ የሙዚቃ አቀናባሪ ኤልያስ መልካና የሙያ ጓደኞቹ አውታር የተባለውን የስልክ የሙዚቃ መሸጫ ከፈቱ። ዓላማው ባለሙያው ከሥራው ሽያጭ ድርሻውን እንዲያገኝ ነበር። ኤልያስ በዚያው ዓመት በጥቅምት አረፈ።

ዛሬ ምን ቀረ?

ዘፈንን እየገዙ ማውረድ በአሜሪካ በ2012 ከፍተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ ከዚያ ወዲህ ወርዷል። ስፖቲፋይ በ2008 በስዊድን፣ በ2011 በአሜሪካ ተጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ዛሬ ብዙ ሰው ዘፈን አይገዛም፤ በየወሩ እየከፈለ ያዳምጣል። በ2024 በአሜሪካ ከተቀረጸ ሙዚቃ ገቢ 84 በመቶው በኢንተርኔት በቀጥታ ከማዳመጥ የመጣ ሲሆን፣ የማውረድ ገቢ ወደ 2 በመቶ ዝቅ ብሏል። በ2001 ሕዝቡ ፊቱን ያዞረበት የወርኃዊ ኪራይ ተመልሶ ገዛ። ክፍያ ሲቆም ዘፈኑም ይዘጋል።

የውድድሩም ክርክር አላበቃም። የአውሮፓ ኮሚሽን በመጋቢት 2024 አፕልን ከ1.8 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ቀጣው። የሙዚቃ አገልግሎቶች በአይፎን ላይ ከአፕል ሱቅ ውጭ ርካሽ ዋጋ እንዳለ ለደንበኞቻቸው እንዳይነግሩ ከልክሏል በሚል ነው።

ለደራሲዎች ግን አንድ በር ተከፍቷል። አሜሪካ በ2018 ባወጣችው የሙዚቃ ማሻሻያ ሕግ መሠረት፣ መቀመጫው ናሽቪል የሆነ ኤምኤልሲ የተባለ ድርጅት ከጥር 2021 ጀምሮ ከኢንተርኔት አገልግሎቶች የግጥምና የዜማ ክፍያ ይሰበስባል። ሥራውን ሲጀምር አገልግሎቶቹ ባለቤቱ ያልታወቀ 424 ሚሊዮን ዶላር አስረከቡት። ይህ ሁሉ ገንዘብ ዘፈኑ ተሰምቶ፣ ክፍያው ተቆርጦ፣ ማን እንደ ደረሰው ያልታወቀ ነው። ስሙ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ በሦስትና በአራት ዓይነት የሚጻፍ ደራሲ ከማንም በላይ ለዚህ የተጋለጠ ነው።

በድርጅቱ መመዝገብ በነፃ ነው፤ ዘፈኖቹ በአሜሪካ የሚደመጡለት ደራሲ የትም አገር ቢኖር መመዝገብ ይችላል። የሚያስፈልገው የዘፈኑን ርዕስ፣ የግጥሙንና የዜማውን ደራሲዎች ስምና የእያንዳንዳቸውን ድርሻ በጽሑፍ መያዝ ነው። በወንድማማችነትና በቃል ብቻ የተሠሩ ብዙ ዘፈኖች ድርሻቸው ስላልተጻፈ ባለቤት አልባ ሆነው ይቀራሉ። ካልተናገሩ ደጅ አዝማችነት ይቀራል እንደሚባለው ነው።

አድማጩም የሚያደርገው አለ። ቁልፍ የሌለው ዘፈን በኢንተርኔት ሱቆች ዛሬም ይሸጣል። የሚወደውን ዘፈን በወር ኪራይ መቶ ጊዜ ከሚያዳምጠው ይልቅ አንድ ጊዜ ቢገዛው፣ የደራሲው ድርሻ በሕግ የታወቀ ነው፤ ዘፈኑም ሱቁ ቢዘጋ፣ ካርዱ ቢለወጥ፣ አገር ቢቀየር ከእጁ አይወጣም። እንደ ድሮው ካሴት ለልጅ ይተርፋል።